መስታወት ቆጠራ

ኢናሪ ላይ ፀሐይ ከወጣች ወር ሆናት፤
ቁርስን በአምፖል በላን፣ ልክ እንደ እራት።
ኒላ ምድር ቤት ግን ሦስት ፀሐይ አለን፤
አንዷን በመስታወት ዙሪያዋን አጥረን
ሙቀቷን አልበን መርከብ እንሠራለን።

ሪስተን ጦር አትወድም፤ ትይዛለች ግብሩን፣
የእህሉን መንገድ፣ የድልድይ ወጪውን።
ኒላ ሦስት ከተማ አቃጥሎ ሲመለስ
«ጀግና!» እንለዋለን፤
እሷ ግን ዝም ብላ ደረሰኙን ታሳየዋለች።

የፊዚክስ መምህሩን፣ ላሴን (እዚህ አንቱ የለም)፣
ኒላ ጠየቀው፦ «ፀሐይን ለመክበብ
ስንት መስታወት ይበቃል?»
ላሴ ጠመኔው እስኪያልቅ ዜሮ ደርድሮ፣
«ሜርኩሪን ፈጭተህ ስታበቃ» አለው፣
«የቤት ሥራህስ ግን ይመጣል ዘንድሮ?»

ጥር ገባ። ሒሳብ ፈተና ላይ ሳለን
ቀይ ክር በመስኮት ሾልኮ
ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አረፈ።
እስክሪብቶ ቆመ። የሚስል እንኳ ጠፋ።
ኒላ የእጅ ሰዓቱን ፊት ቀስ አርጎ አዙሮ
ክሩን ጠለፈና ጣሪያው ላይ ጣለው፤
ተንቀጠቀጠች፣ ሳንቲም የምታህል ፀሐይ።

ላሴ፣ ፈታኛችን፣ በሩን ተደግፎ
አንገቱን አቀና።
«አንድ» አለ በሹክሹክታ፣ ቆጠራ ጀምሮ።