ቡሬ ላይ የተናገርሽው

«ቨርና ሃልስትሮም» ይላል ጽሑፉ፣ ከሙዚቃው ጋራ ሲመጣ፤
ቡሬ ግን «ብራና» ብላ ጠራችሽ፣ ለ«ቨ» የሚሆን ከንፈር ስታጣ።
ስሙን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፣
ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ከርሜ፣ ሳልመረቅ የወጣሁ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አቶ ስማቸው ቪዲዮ ቤት፣
በወር አርባ ብር፣ ማይክ ጨብጬ፣ የፈረንጅ አፍ ልፈታ የመጣሁ።
እንግሊዝኛዬ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ እዚያው ደክሟት ተቀምጣለች፤
እሺና እምቢን ትለያለች፣ የቀረውን በግምት ታልፋለች።

ካሴትሽ የሚመጣው በርበሬ አራግፎ በሚመለስ መኪና ነው፤
ስትሳሚ ሕዝቡ ያስነጥሳል፤ ፍቅርሽ የሚያቃጥል ሽታ አለው።
ዕድሜሽም ተራ አልነበረው፤
በጥቅምት ሸብተሽ መጥተሽ፣ በኅዳር ልጃገረድ ትሆኛለሽ፤
በታኅሣሥ ትቀበሪያለሽ፣ በጥር ደግሞ ትዳሪያለሽ።

አንዱ ላይ ለሽፍቶች ውኃ ቀድተሽ ወጣሽ፤ በቃ፣ ያ ነበር ሥራሽ።
ቃል አልሰጡሽም። እኔ ሰጠሁሽ፦
«ጠጡ! ውኃ ጥም ይቆርጣል እንጂ ጠባይ አይቆርጥም።»
ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤
አገርሽ የነፈገሽን ጭብጨባ ቡሬ ከፈለችሽ።

ከዚያ ሰባት ዓመት በተከታታይ ድራማ መርማሪ ሆንሽ፣ ሽጉጥ ታጠቅሽ፤
ፈጣም ማዶ ሳይቀር፣ ሴት ልጅ ስትቆጣ «ብራና ሆነች» ተባለልሽ።
አርባን ስትረግጪ ግን ሽጉጡን ነጥቀው ማማሰያ አስያዙሽ፤
በአራት ዓመት የምትበልጪውን ጎረምሳ «ልጄ» አስባሉሽ።
በመጨረሻ የቁርጥማት ኪኒን ይዘሽ ፈገግ ስትዪ አየሁሽ፣ በሳተላይት፤
ጥርስሽ ያው ነው፤ ዓይንሽ ግን ከኪኒኑ አልፎ ያያል፣ የማላውቀውን መሬት።

ያቺን ሌሊት ግን ልንገርሽ፤ መቼም ማንም አልነገረሽ።
ወጥ ቤት ቆመሻል፤ ባልሽ በሩ ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናገርሽ።
ከአምስቱ ደቂቃ አንድ ቃል አልገባኝም።
ሰዉ ይጠብቃል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ዝም አይባልም።
እናቴ ጎተራ ሥር ለብቻዋ ስታጠናው የሰማሁትን፣
ለአባቴ ልትለው እያሰበች ሳትለው የሞተችውን፣
አፍሽ ላይ አደረግሁት፦
«ቤቱን ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ምሰሶው ትከሻዬ ነው፤
አንተ ጥላህን ሰቅለህ ትገባለህ፤ እኔ ጥላዬን የት ልስቀለው?»

አትጠገብ፣ በርበሬ ቀንጣሿ፣ ከኋላው ወንበር ተነሣች፤
ፊልሙ ሳያልቅ ወጣች። ሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት ታየች።
ዛሬ የሁለት ወፍጮ ባለቤት ነች።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ማስተዋል ከስልኳ አነበበችልኝ፦
ሰማንያ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ ዜናሽ ሦስት መስመር።
እሷ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ እንጅባራ። «ያንን ፊልም ፈልጊልኝ» አልኋት።
አገኘችው። ወጥ ቤቱ ያው፣ በሩም ያው።
«ምን እያለች ነው?»
ጆሮዋን ሰጠች። ሳቀች።
«ስለ ጣሪያው ነው፣ አጎቴ። ያፈሳል፤ ጠጋኝ ጥራ ነው የምትለው።»
«አምስት ደቂቃ ሙሉ?»
«አምስት ደቂቃ ሙሉ።»

አንገቴን ደፋሁ።
የቅኔ መምህሬ ቢሰሙ «ሰሙን ሳያውቅ ወርቅ የቸረቸረ» ይሉኝ ነበር።
ማስተዋል ግን መልሳ አየችው፣ ድምፁን አጥፍታ።
«ስለ ጣሪያ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ግን» አለች፣ «አይቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ሄድሁ።
አትጠገብ እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳ ከቋቱ ሥር ቆማለች።
«ብራና ሞተች» አልኋት፣ ጮኬ፤ ማሽኑ አያሰማም።
ስለ ጣሪያው አልነገርኋት።
እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች፤ ቺንጋው እያቃሰተ ቆመ።
ተራ የያዙት ጮኹ፤ ጆንያ ያቀፈው ሁሉ አጉረመረመ።
አላበራችውም።