የላላ ቀለበት

ሀይሬቲን ባሌ፣ የባቅላቫው ጌታ፣
አርባ ዓመት ሽሮፕ ሲቀምስ ጠዋት ማታ፣
ሐኪም አስፈራራው፣ የደም ስኳሩን አይቶ፤
አሁን ሮጦ ይመጣል ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ።

የአንቴፕን ግንብ ድሮ ሦስቴ አርፎ የሚወጣው
ዛሬ ከላይ ይጣራል፤ ትንፋሽ ከየት አመጣው?
ደስ ይለኛል፣ እውነት። ማንኮራፋት ትቷል፤
ዝምታው ግን የእኔን እንቅልፍ በትኖታል፤
አለ ወይ? እላለሁ በውድቅት ነቅቼ፣
ከአፍንጫው ሥር በጣት ትንፋሹን ለክቼ።

የልጅ ልጃችን ኑራይ፣ ሆዱ ትራሷ ነበር፤
«አጥንት ሆንክ» ብላው ሄደች ሶፋ ላይ ልታድር።
ሱቅ ውስጥ ትሪ ሲቀርብ ያሸታል እንጂ አይቀምስም፤
ልጆቹ ሽሮፕ ሲያበዙ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ትናንት ቀለበቱ ከሊጥ ውስጥ ተገኘ፤
ወፍራሙን ሰውዬ ሆዴ ተመኘ።
ክር ጠምጥሜ መለስኩ። ይህ እንግዳ ይኑር፤
ያኛው ቢቆይ ኖሮ፣ ስሙ ነበር የሚቀር።