የሌሊት ፊሽካ

ሚያዝያ ነው። ባሕር ዳር ትፋጃለች፤
የዘንባባ ጥላ እንኳ ላብ ላብ ትላለች።
እግሬን እንደ ልብስ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ፣
ሽንብጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
ጣናን አያለሁ፤ በቀኝ ዓይኔ ሐይቅ ነው፣
በግራው ጉም ነው።
ሙቀት ሲበረታ የተላጠው ሽቦዬ
እንዲህ ያሳብቅብኛል።

አሥራ ሰባት ዓመት ከፈትል ክፍል ቆሜ፣
የጥጥ ብናኝ በጠጉሬ ተሸክሜ፣
የሌሊት ፈረቃ አለቃ ሆኜ
አንድ ነገር አውቄያለሁ፦ የፊሽካን ነገር።
አንዴ ከተነፋ በር ይከፈታል፣ ዘበኛ ዱላ ያነሣል፤
እሳት ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ ወይ የሻይ ሰዓት፣
ፊሽካው ያው ፊሽካ ነው።
ትርጉሙ ያለው ጆሮ ላይ ነው።

ዶክተር እንየው በሽታውን በሙሉ ስሙ ጠራው፦
መልቲፕል ስክለሮሲስ።
ለመልመድ ምላሴ ሦስት ቀን ፈጀባት።
ወረቀት ላይ ሣለልኝ፦ ከአከርካሪ የሚወርድ ቀጭን ክር፣
እስከ ጣፊያ፣ እስከ ንፍፊት የሚዘልቅ የነርቭ መሥመር።
"ሲምፓቴቲክ" አለው። እኔ ፊሽካ ነፊው አልሁት።
"ስትደነግጪ ኖርአድሬናሊን ይረጫል፤
ነጩ የደም ሴል ጆሮ አለው፣ ይሰማል።
ፊሽካው አንዳንዴ ‘ተነሡ’፣
አንዳንዴም ‘ይበቃል፣ ዱላችሁን አስቀምጡ’ ይላል።
አንቺ ቤት ዘበኞቹ የሌባውን ትተው
የገዛ ቤታቸውን ሽቦ ይልጣሉ።
ምናልባት ጆሯቸው ተለውጦ ይሆናል።"
"ምናልባት?"
"ምናልባት። ገና እየተጠና ነው።"
እስክሪብቶው ጣፊያዬ ላይ ቆሞ
አንዲት የቀለም ጠብታ ጣለ።

እትዬ አንጓች ግን ጥናት አያስፈልጋቸውም።
"አትጨነቂ! ጭንቀትሽ ነው ይሄ ሁሉ" ይላሉ፣ ሎሚ ይዘው መጥተው።
አትጨነቂ።
ጣናን "አትርጠብ" እንደ ማለት።
የገዛ እጅሽ ነው የላጠሽ እንደ ማለት።
ሎሚውን እቀበላለሁ።
ምክሩን በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ወፍ ይልቀመው።

ጥቅምት ላይ ወንድሜ አንሙት በታንኳው ወሰደኝ፣
ውኃ በጠጣ፣ ወገቡ በላላ የደንገል ታንኳ፣
"ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ላሳይሽ" ብሎ።
ከደንገሉ ጥግ ውኃው ተነፈሰ።
መጀመሪያ ሁለት ጆሮ። ቀጥሎ ጀርባ፣ እንደ ደሴት።
አንሙት መቅዘፊያውን አነሣ፤ አልተናገረም።
ያን ጊዜ ሥጋዬ ውስጥ ፊሽካው ሲነፋ ሰማሁት፦
አፌ ደረቀ፣ ልቤ ደረቴን ደበደበ፣
ጣፊያዬ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ
ዘበኞቹን ወደ ደም ጎዳና አፈሰሰ፤
ዓመት ሙሉ ደረጃ አልወጣ ያለኝ እግሬ እንኳ
ለመሮጥ ተንፈራገጠ፤ ወዴት? ውኃ ላይ?
ጉማሬው አየን፤ አዛጋ፤ ሰጠመ።
የናቀን መሰለኝ።

አንሙት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፊሽካው ዝም አለ።
ዘበኞቹ ግን ተመለሱ?
ሌሊቱን አልጋዬ ላይ ጆሮዬን ቀስሬ
ከጉማሬው ይልቅ እነሱን ፈርቼ አደርሁ።
በሦስተኛው ሳምንት ግራ ዓይኔ ደበዘዘ።
በጉማሬው ነው? አላውቅም።
ዶክተር እንየውም "አላውቅም" አለ፤
ከነገረኝ ሁሉ ይበልጥ ያመንሁት ይህን ነው።

አሁን በእጄ ግራ ጎኔን፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ እዳብሳለሁ።
"አንተ ዘበኛ፣" እለዋለሁ፣ "አለቃህ ነበርሁ መሰለኝ።
ሌባ የለም። ፊሽካው የሻይ ነው።"
ይስማኝ አይስማኝ እንጃ።
ከፋብሪካው በኩል የፈረቃ መለወጫው ይጮኻል፤
ታች፣ ዳር ላይ፣ አንሙት ታንኳውን ገልብጦ ለፀሐይ ያሰጣል።
የባልዲው ውኃ ሞቋል።
ማን ይለውጥልኛል ብዬ
የደረጃውን ቁጥር እቆጥራለሁ፦ አራት።