ዘጠና ሳንቲሜትር

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከጎማ መደብር በላይ፣
ቢሯችን፤ መስኮቱ ሄርማታን የሚያሳይ።
ስድስት ነን በደሞዝ፤ ሰባተኛው ዝናብ፣
ያልተቀጠረ ነው፣ ግን የማይቀር ከሒሳብ።

አለቃዬ ነጂባ፣ የአባ ቡልጉ ልጅ፣
እርሳስ ከሻሿ ሥር፣ ሜትር የያዘ እጅ፣
የመጀመሪያ ሥራዋን ዛሬም ታወራለች፦
የወፍጮ ቤት ሽንት ቤት።
ለበሩ አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሌሊት አድራለች።

አንድ ባለሀብት መጥቶ «መስታወት አልብሺልኝ» አለ፣
«ሰማያዊ፣ አሥር ፎቅ፣ ዱባይን የመሰለ።»
«ጅማ ይዘንባል» አለችው። «ይዝነብ» አላት፤ ሄደ።
ወደ ሌላ ቢሮ ፕሮጀክቱ ነጎደ።
በዚያ ወር ደሞዛችን ለሁለት ተከፈለ፣
መኪናዋን ሸጠች፤ ማንም ምንም አላለ።

ከዚያ የቆጪ ጤና ጣቢያ። ኮሚቴው ተሰየመ፣
ክፍክፉን በቀይ እስክሪብቶ ቆረጠ፣ ፈረመ።
«ዘጠና ሳንቲሜትር ቆርቆሮ፣ ለባዶ አየር!»
ተነሣች፦ «ማኅተሜን አላሳርፍም፤ ይቅር።»
አራት ወር ተጻጻፈች፤ ደብዳቤው ፋይል ሞላ፤
የራሷን ክፍያ ቀንሳ አስመለሰችው ኋላ።

ትናንት ከሳይት ስንመለስ ሰማዩ ተቀደደ፤
ባጃጁ ቆመ፤ ቀዩ ጭቃ ወደ አዌቱ ወረደ።
ሮጠን ከክፍክፉ ሥር ገባን፤ ሰው ሞልቷል፤
አንዱ የጫት እስሩን፣ ሌላው ፍራሹን አስጠግቷል።
አንዲት ሴትዮ ነጂባን በክርኗ ነካ አድርጋ፣
«ቦታ አለ፣ ነይ» አለቻት፤ እሷም አለች ጠጋ።
ዝም ብላ ግድግዳውን ዳሰሰች በመዳፍ፤
ደረቅ ነው። ጠብታው አንድ ጣት ራቀ ከጫማዋ ጫፍ።

«መቶ ማለት ነበረብን» አለችኝ፣
ሜትሯን ከቦርሳዋ እየፈለገች።