ቁጥሩ የጠፋ ኦቨን

ሰሚት ካንድ ቪላ፣ የወጥ ቤቱን ወለል ሴራሚክ ሳነጥፍ፣
"ይሄ አሮጌ ኦቨን" አሉኝ እመቤቲቱ፣ "መንገድ ዘግቶብኛል፣ ይውጣልኝ፣ ይለፍ።
ከቀሪ ሂሳብህ ሁለት ሺህ ልቀንስ፣ አንተ ውሰድና።"
እሺ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ገና።
አሸዋ በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ ኮዬ ድረስ መጣ፤
አራተኛ ፎቅ ላይ በኔና በሽኩር ትከሻ ወጣ።

እቴነሽ አየችው። ዞረችው። በሩን ከፍታ አሸተተች።
"ደሞዝህ ይሄ ነው? ብረት ይበላል ወይ?"
ብላኝ ልብስ ልታሰጣ ሄደች።

ጉድ ደግሞ አለበት፤ የሙቀት ማዞሪያው ቁጥሩ ተፍቋል፤
መቶ ይሁን ሦስት መቶ፣ ማን ያውቃል?
የመጀመሪያው ዳቦ ላዩ ከሰል ሆኖ፣ ሆዱ ሊጥ ነበረ፤
ሁለተኛው ደርቆ፣ ልክ እንደ ሴራሚክ፣ ቢላዋ ሰበረ።
ሦስተኛውን መብራት ወሰደው።

ሶልያና ናት ያዳነችን። ደብተሯን ይዛ እፊቱ ቁጭ አለች፤
በመስታወቱ በኩል፣ እንደ ፊልም፣ የሊጡን ማበጥ አየች፤
በእናቷ የጥፍር ቀለም ማዞሪያው ዳር ነጥብ አኖረች፦
አንድ ቀይ ለዳቦ፣ ሁለት ቀይ ለማካሮኒ በሥጋ፣
ሦስት ቀይ ለድንች፣ ከነልጣጩ፣ ከጥብስ ቅጠል ጋ።

ዳቦው እንዲህ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይሄን ነው፦
በቲማቲም ድልህ ጣሳ አራት ዱቄት፣ በማንኪያ ጫፍ ጨው፣
እርሾ አንድ ማንኪያ፣ ስኳር ከእርሾው እኩል፣
ውሃው ለብ ይበል፣ ሕፃን የሚታጠብበት ያህል።
ጥቁር አዝሙድ ለወደደ። እቴነሽ አትወድም፤ ግማሹ ያለ አዝሙድ።
ሊጡ ከነሳፋው ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ ይሂድ፣
ጠርዙን እስኪያልፍ፣ ክዳኑን እስኪገፋ።
ከዚያ ከታች ኮባ አንጥፉ፤ ኮባ ባይገኝ ዘይት፣ እሱም ካልጠፋ።
ሰዓት አልይዝም እኔ። የሶልያና ሒሳብ እስኪያልቅ ነው የሚቆየው፤
ማካፈል የሆነ ቀን ትዘገያለች፣ ዳቦው ነው ዕዳ ከፋዩ፣ እሱ ነው የሚያርረው።

እሑድ እሑድ ደረጃው በትሪ ይሞላል፤
የሙሉካ ማካሮኒ ከነክዳኑ ተራ ይጠብቃል።
ለመብራት ካርድ መዋጮ ጣሳ አለ፣ በሩ ሥር፤ ሳንቲሙ ይንጫጫል።
እቴነሽ ትስቃለች፦ "ለካስ ብረት ይበላል!
ካርዱን ሁሉ በላው፣ ደሞ አልጠገብኩም ይላል።"

አንድ ማታ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልለን ወረድን፣
ለጥበቃው፣ ለኦቦ ደበሌ።
ገለበጡት። ቂጡን እንደ በር አንኳኩ፣ ጆሮ ሰጡት።
"ባዶ ቤት ይመስላል ድምፁ፤ በስሏል" አሉ።
ቆረሱ። ሲያላምጡ ቆዩና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አግድም አደረጉ፦
"እስከዚህ ይደርስ ነበር ስንዴው።
ይሄ የናንተ ብሎክ፣ እኔ የምዘራበት ላይ ነው።"
ወቀሳ አልነበረም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው ያሉት።
ዕድሜዬን ወለል ሳነጥፍ ኖሬ፣
ከወለሉ በታች ምን ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም እስከ ዛሬ።

ቤት ስንገባ ሶልያና ሌላ ብልቃጥ አወጣች፤
ከአንዱ ቀይ ዝቅ ብላ ሰማያዊ ነጥብ ጠብ አደረገች።
"ይሄስ የምንድን ነው?"
"የኦቦ ደበሌ። ጥርስ የላቸውም እኮ፣ አባ።
ቅርፊቱን ትተውታል፤ አላየህም?"
አላየሁም።

እንግዲህ ይሄም ይጨመር፦
በሰማያዊው፣ በወተት የተቦካ፣
እንደወጣ በእርጥብ ጨርቅ የሚሸፈን፤
ቀስ ብሎ ይብሰል፣ የማካፈል ቀን የቤት ሥራ ያህል።
መብራት መሃል ላይ ከሄደ በሩን አትክፈቱ።
ያለው ሙቀት ይበቃል።