ከድምፅሽ ሥር ያለው

እኔ ነኝ የጣልኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ
በጀልባችን ማድቤት መንገደኞች ሁሉ
ሾርባ ያሞቁበትን ያን የማይክሮዌቭ ሣጥን፣
በሩ ቢላቀቅ ጊዜ፣ አልዘጋ ቢለን፣
በኬምቺ ወደብ ዳር፣ ዝናብ በማይለየው፣
ቅራቅንቦው ላይ ጣልኩት፣ ማንም ዞሮ እንዳያየው።

ኤዱቪና አየችው።

የመረብ ጠጋኟ፣ ጡረታ የወጣች፣
የእጅ ጋሪ እየገፋች ጭቃውን ሰንጥቃ መጣች።
«ራዲዮዬ ራበው» አለችኝ፣ ስጠይቃት፤
«የሱቁን ልግዛ ብል የሦስት ወር እራቴ ናት።»
«ከሾርባ ማሞቂያ ምን ይገኛል?» ብዬ፣
ሳቅኩባት በልቤ፤ ሄድኩ ተከትዬ።

አንድ እጇን ኪሷ ከታ፣ በሌላው ካቻቢቴ፣
ካፓሲተሩን ነካች፤ ዝም አለ፤ ራደ አንጀቴ።
«ከተነቀለ ቆይቷል፤ ይሆን ይሆናል ባዶ፤
ግን ሙት ነው ባሉት ሽቦ ስንቱ ሰው ቀረ ነዶ።»

ከትራንስፎርመሩ ሆድ፣
ሁለት ሺህ ቮልት ተፊውን ቀጭኑን ጥቅል ሽቦ
በሰጌቶ ገዘገዘች፤ ወጣ እንደ ዓሣ አንጀት ተስቦ።
በባዶው ቦታ ደግሞ ጣት የሚያህል መዳብ
ታሽከረክር ጀመር፣ እጇ እንደለመደው መረብ።
«አንዱ ዙር አንድ ቮልት ነው፣ ሲጎድል በመጠኑ፤»
አሥራ ስድስት ጠመጠመች። መሸብን ቀኑ።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ገና እንደሰካችው፣
ብረቱ አጓራ፤ ጋለ፤ ድመቷ ሸሸችው።
አሁን ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ።
እሷ ነቀለችና፣ እንደ በሽተኛ ግንባር ዳበሰችው፦
«ለሦስት ደቂቃ ሾርባ ነው ይኼ ብረት የተፈጠረው፤
ሌሊቱን ቁም ስትለው ማጉረምረሙ መብቱ ነው።»

በዋናው ጥቅል ላይ ዙር ጨመረችበት፣
በመዳቡም ሁለት፤
የዚያኑ ምድጃ ማራገቢያ ገጠመችበት።
ስታኞው ጨሰ፤ ዲዮዶቹ ተበየዱ በተርታ፤
መለኪያው አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ላይ ቆመ በእርጋታ።
ጋለ ማለቱን ተወ።
ማጉረምረሙን ግን አልተወም።

ሳቅ የለም ከዚያ ወዲያ። በየማታው እየሄድኩ
ድንች እየላጥኩላት ሞገድ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

በአሥረኛው ሌሊት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣
ጥሪዋን ላከችው በጨለማው መንገድ።
ከታዝማኒያ አንድ ሽማግሌ፣ ሜርቪን የሚሉት፣ መለሰ፤
ድምፁ ሄድ መጣ እያለ፣ እየሳሳ፣ እየታደሰ፦

«ጥርት ብለሽ ትሰሚያለሽ፣ ኬምቺ። ግን ከድምፅሽ ሥር
አንድ ነገር አለ የሚያጉረመርም፣ የሚያጓራ በምስጢር።
ባሕር ነው እንዴ?»

ኤዱቪና ዞራ አየችኝ።
ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ።
«ንገረው፤ ያንተ አይደል?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣
«የጀልባ ማድቤት ነው» አልኩት። «ሾርባው ደርሷል፣ ጌታዬ።»

ፀጥታ። ዝናብ። የብረቱ ጉርምርምታ።
ከዚያ፣ ከውቅያኖሱ ማዶ፣ በቀስታ፦

«የምን ሾርባ?»