ከዘንጉ እስከ ውሃው

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣
ቪትስ ተውሼ ከወንድሜ፣
አባቴን ይዤ ወጣሁ ከሐዋሳ፣
ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና ሳይነሳ።

ኮቱን ለብሷል፣ የቢሮውን፣ ክርኑ ላይ የሳሳውን፤
ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል ያንን ደብተሩን፣
ጀርባው በፕላስተር የታሰረውን።
ሰላሳ አንድ ዓመት የአብያታን ልክ የጻፈበት፣
በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት።
አልፎ አልፎ ብቻ፣ ማዕበል ዘንጉን ሲመታው፣
ዓይኑ ያየውን ቁጥር ልቡ ሲጠራጠረው፣
በእርሳስ ይጽፍ ነበር።
«እስክርቢቶ መሐላ ነው» ይላል፣ «እርሳስ ግን ምናልባት።»
አንዱ በደረት ኪሱ፣ አንዱ በጎን ኪሱ፤
ጡረታ ወጥቶም ከቦታቸው አልተነሱ።

ሻሸመኔ ላይ ቆምን፣ ባጃጅ ከባጃጅ ተጋጭቶ፣
አንዱ መስታወት ከፍሎ፣ ሌላው ይቅርታ ሰምቶ።
ነገሌን ስናልፍ ግን መንገዱ ተፈታ፤
ስንዴው ከወገቡ በላይ ቢጫ፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ፣
ሰነፍ ቀቢ ጀምሮ እንደተወው ግድግዳ።
የተጠበሰ በቆሎ ገዛን ከአንዲት ልጅ፣ በመስኮት።
«በጥቅምት አንድ አጥንት!» አልኩት።
«ጥርስ ለቀረው» አለኝ፣ እየፈለፈለ በጥፍሩ፣
አንድ በአንድ፣ እንደ ቁጥሩ።

ፓርኩ በር ላይ ሰጎን፣ ትኬት ቆራጭ መስላ ቆማ፣
አንገቷን በመስኮት ሰደደች፣ የኛን ወሬ ልትሰማ።
ጥበቃው ቃበቶ አባቴን ገና ከሩቅ አወቀው።
«ዘንጉማ አለ» አለው።
ሌላ አልጨመረም።
እስከ ግራሮቹ መጨረሻ አብሮን ሄደ፣ አልተናገረም።

ዘንጉ ቆሟል።
ጥቁርና ነጭ ቀለሙ ግማሹ ረግፏል፤
እግሩ ሥር ፍየል ተኝቶ ያመሰኳል።
ውሃው እዚያ ማዶ ነው፣ ከሰማይ ጫፍ፣
ቀጭን፣ እንደ ቢላ አፍ።
መሃላችን ጨው፣ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ የወፍ ክንፍ።

አባቴ መነጽሩን ጠረገ። ጎንበስ አለ፣
ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ውሃ እንዳለ፣
ዓይኑን ከሌለው ማዕበል ጋር እያስተካከለ።
«ዜሮ አይባልም» አለኝ።
«ዜሮ ላይ ውሃው የዘንጉን እግር ይነካል።
ይሄ ከዜሮ በታች ነው፤ ለዚህ ዘንግ አልሰጡኝም።
በእግርሽ ለኪልኝ፣ ልጄ። እኔን ጉልበቴ አያደርሰኝም።»

መቶ። ሁለት መቶ።
የከብት ኮቴ አለ፣ ጠርዙ በጨው ደርቆ፣
አንድ ጫማ አለ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ከጭቃው ተጣብቆ።
ስምንት መቶ አርባ።
ሺህ ሦስት መቶ ላይ ዞር አልኩ፤ አባቴ ከዘንጉ አይለይም፦
ሁለት ዘንግ፣ አንዱ ኮት የለበሰ።
ሺህ ሰባት መቶ ስል የሐይቁ ዳር ተነሳ፣
ፍላሚንጎ ነው፣ ሮዝ፣ እንደተራገፈ አንሶላ፤
ሰማዩን ሞልቶ ዞረ፣
ቁጥሬን ይዞት በረረ።
አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሺህ ስንት ነበር?
ጭቃው ጉልበቴ ደርሷል፣ ውሃው ግን ገና ነበር።

ስመለስ ደብተሩን ከፍቷል፣ ቀኑንም ጽፏል።
«ስንት?» አለኝ፣ እስክርቢቶው ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።
ክርኑን አየሁት፣ የሳሳውን፣
እጁን አየሁት፣ የማይንቀጠቀጠውን።
«ዘጠኝ መቶ» አልኩት።
«ዘጠኝ መቶ ብቻ?»
«ጥቅምት አይደል? የክረምቱ ውሃ ገና አልሸሸም።»
ቃበቶ ፊቱን ወደ ፍየሉ አዞረ።
አባቴ እግሬን አየ፣
እስከ ጉልበቴ የነጣውን፣ የደረቀውን ጭቃ፣
ምንም አላለኝም፤
እስክርቢቶውን ክዳኑን ገጥሞ ወደ ደረቱ መለሰ፣
የጎን ኪሱን ዳበሰ።